አያቴ የቀመሱት ወጥ

ሰሞኑን ሁዳዴ ከገባ በሦስተኛው ሳምንት፣ ከሳሪስ አቦ ወደ ቃሊቲ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ አንዲት ልጅ አጠገቤ ተቀመጠች። ጭኗ ላይ በፌስታል የተጠቀለለ ድርብ ምሳ ዕቃ ይዛለች። ታክሲው ጉድጓድ ገብቶ ሲዘል ክዳኑ ላላ አለና የቅቤ ወጥ ሽታ ታክሲውን ሞላው። ከኋላ አንዲት ነጠላ የለበሱ ሴትዮ "ኧረ በጾም!" ብለው አፍንጫቸውን ያዙ።

"ይቅርታ እናቴ፣ ነካሁዎት?" አለችኝ ልጅቷ።

"ምንም አልሆንኩ። ስንቅ ነው?"

"አዎ፣ ለወንድሜ። እስር ቤት ነው ያለው።"

"ታዲያ በሩ ላይ ራስሽ ነሽ የምትቀምሽው?"

ሳቀች። "ሌላ ማን ይቀምስልኛል?"

እሷ ቃሊቲ ላይ ወረደች። ቃሏ ግን አብሮኝ ቀረ።

አያቴን አቃቂ የሚያውቃቸው ሁሉ አባባ ተሰማ ነበር የሚላቸው። ክር ፋብሪካ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የማሽኑ ጩኸት ጆሯቸውን ስላደከመው ሹክሹክታ የሚባል ነገር አያውቁም፤ ምስጢር ሲያወሩ ሦስተኛው ቤት ይሰማል። እናቴ ከሞተች በኋላ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ክረምት የአቃቂ ጭቃ እግር ሲውጥ ቦቲ አስደርገው እስከ ትምህርት ቤት በር ያደርሱኝና፣ ንጹሑን ጫማዬን ከኮታቸው ኪስ አውጥተው ይቀይሩልኛል። ከዚያ ጭቃ የጠገበውን ቦቲ በእጃቸው አንጠልጥለው ይመለሳሉ። ክፍል ውስጥ እንደ እኔ ንጹሕ ጫማ ያለው ልጅ አልነበረም።

ጾም ላይ ግን ቀልድ የለም። አንድ ጊዜ የሳንባ ምች ይዟቸው ሐኪሙ ወተት እንዲጠጡ ቢያዛቸው "ከፋሲካ በኋላ" ብለው ተነሥተው መጡ። እንዴት እንደዳኑ እስካሁን አልገባኝም።

ከድር ደግሞ ግድግዳ የሚያዋስነን ባለሱቅ ነው፤ የስልጤ ሰው። አያቴ ከሰዓት በኋላ የሚቀመጡባት በርጩማ ሱቁ በር ላይ ነበረች፤ ሌላ ሰው ሲቀመጥባት ከድር ያስነሣ ነበር። አያቴ ሚስታቸውን ባጡ ጊዜ ሱቁን ሦስት ቀን ዘግቶ ከድንኳኑ አልወጣም። እኔ ኮሌጅ በገባሁ ዓመት ታዲያ ከድር መኪና ሲነዳ ሰው ገጨና ተፈርዶበት ታሰረ። ሚስቱ ዘይነባ ነፍሰ ጡር ነበረች። ስንቅ ያመላልስ የነበረው ወንድሟ ወደ አገር ቤት ሲሄድ እሷም ወለደች፣ የመጀመሪያ ልጃቸውን። ሁዳዴ ነበር።

ለሕፃኑ ስም ማውጫ በግ ታረደ። ዘይነባ አራስ አልጋዋ ላይ ሆና አለቀሰች፤ "አባቱ ከልጁ ድግስ ሳይቀምስ" ብላ። አያቴ ይህን ሲሰሙ ኮታቸውን ለበሱ።

"ስጪኝ፣ እኔ አደርሳለሁ" አሉ። እኔንም መንገድ እንዳሳያቸው አስከተሉኝ።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በዚያው ሳምንት ዓርብ ዕለት፣ ሳሪስ አንድ ካፌ ውስጥ ከጓደኞቼ ጋር እንቁላል ሳንዱች በልቼ ነበር። የመጀመሪያዬም አልነበረም። ቤት ስገባ አፌን በሎሚ እጠርግና ከአያቴ ጋር ሽሮ እበላለሁ፤ እሳቸውም "በርቺ ልጄ፣ ጾም ያበረታል" ይሉኛል።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ እስር ቤቱ በር ላይ ተሰለፍን። ተራችን ሲደርስ ጠባቂው ምሳ ዕቃውን ከፈተ።

"አባባ፣ ይቅመሱት።"

"ምኑን?" አሉ አያቴ። ያመጣ ሰው መቅመስ እንዳለበት ማንም አልነገራቸውም ነበር።

"ወጡን። ከሥጋውም።"

"ልጄ፣ ጾም ነው እኮ። ደግሞም የሙስሊም እርድ ነው።"

"ይገባኛል አባባ፣ እኔም ጾመኛ ነኝ። ግን ደንብ ነው። ካልተቀመሰ አይገባም።" ልጁ ክፉ አልነበረም። እኔን አየና "እሷ ትቅመስ እንጂ" አለ።

አያቴ ወደ እኔ ዞሩ። አልለመኑኝም፤ አዩኝ ብቻ። ከኋላችን ከእድራችን ሁለት ሴቶች ተሰልፈው ነበር፣ ነጠላቸውን መስቀለኛ ያጣፉ። ሆዴ ውስጥ ያለውን እንቁላል እኔና እግዜር እናውቃለን። አንድ ጉርሻ ብቀምስ ምን ይቀርብኝ ነበር?

"እኔም ጾመኛ ነኝ" አልኩ።

አያቴ አማተቡ። ከእንጀራው ጥግ ቆርሰው፣ ከሥጋው ትንሿን ፈልገው ጎረሱ፣ አላምጠው ዋጡ። ከኋላችን አንደኛዋ ሴትዮ "ወይ ጉድ" ስትል ሰማሁ። እሳቸው አልሰሙም።

"በል አስገባለት" አሉት ጠባቂውን። "የልጅህ ድግስ ነው በለው።"

ስንመለስ መንገዱ አቧራ ነበር፤ ከባድ መኪኖቹ እያለፉ ነጠላችንን አጠየሙት። ሸንኮራ ገዙልኝ። "እርስዎስ?" ብላቸው "እኔ ዛሬ በልቻለሁ" ብለው ሳቁ። እኔ ሸንኮራውን ሳልልጠው እጄ ላይ ይዤው ሄድኩ።

ዘይነባ ዘንድ ገብተን ስትጠይቃቸው "ልጅቷ ቀመሰችው፣ ገባለት!" አሉ ጮክ ብለው። ዘይነባ ስባ ግንባሬን ሳመችኝ፣ እያለቀሰች መረቀችኝ። ውጭ ስንወጣ "አባባ፣ ለምን?" አልኳቸው።

"ዝም በይ። ካወቀች ከሚመጣው እሑድ ጀምሮ ሽሮ ነው የምትልክለት። ሰውየው አጥንቱ ቀርቷል አሉ።"

ማክሰኞ የንስሐ አባታችን መጡ። ማድቤት ሆኜ ሁሉንም ሰማሁ፤ አያቴ ሹክሹክታ አያውቁማ። ተናዘዙ፣ አባም አርባ ስግደት ሰጧቸው።

"አባ፣ የሚመጣውን እሑድም አብረው ይስጡኝ" አሉ አያቴ።

"የምን እሑድ?"

"አራሷ እስክትነሣ አራት እሑድ ይቀራል፣ እሄዳለሁ። ሁሉንም ባንዴ ቢሰጡኝ ጉልበቴ ሳይደክም እጀምረዋለሁ።"

"ተሰማ! አስበህበት ልትበድል? ንስሐ ቀብድ የለውም!"

አባ መስቀላቸውን አሳልመው በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። "ሁለት መቶ አድርገው" አሉ። "ቀስ እያልክ፣ እስከ ፋሲካ። ስለ እሑዱ ግን እኔ የሰማሁት ነገር የለም።" እንደዚያ እየተጮኸ! ደግነቱ ከግድግዳው ማዶ ዘይነባ ቤት አራስ ጠያቂ ሞልቶ ይንጫጫ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጎህ ሲቀድ፣ ከአልጋዬ ማዶ የአያቴ ጉልበት ወለሉን ሲመታ እሰማ ነበር። ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ እቆጥራለሁ። አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት፣ ከዚያ ትንሽ ዕረፍት፣ ማቃሰት፣ አሥራ አራት። በሚቀጥለው እሑድ በሩ ላይ እጄን ዘረጋሁ።

"ዛሬ እኔ ልቅመስ አባባ።"

"ተይ። እኔ ቅጣቴን ተቀብያለሁ፤ ለአንድ ጉርሻ ሁለት ሰው ለምን ይሰግዳል?"

"እኔ ቀድሜ ገድፌያለሁ" ብል ያበቃ ነበር። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። አራት እሑድ ሙሉ አፌ ላይ እየደረሰች ተመለሰች፤ እሳቸውም አራት እሑድ ሙሉ ቀመሱ። እድርተኛው ከእነ ዘይነባ ጆሮ ርቆ እስኪበቃው አማቸው። እኔ በአደባባይ ጾሜ በጓዳ የገደፍኩት ተመሰገንኩ፤ በአደባባይ የገደፉት እሳቸው ማለዳ ማለዳ ወድቀው ይነሣሉ።

ከድር ተፈታ። አያቴም ዓመታት ቆይተው፣ ለእነ ከድር ሳይናገሩ አረፉ። ከድር ያኔ ከቀባሪው ፊት ነበር። እኔን ግን ከተፈታበት ቀን ጀምሮ "ቀማሼ" ነው የሚለኝ፤ ሱቁ ውስጥ ሰው ካለ ደግሞ "ይቺ ልጅ ጾሟን ገድፋ ስንቄን ያስገባችልኝ ናት" ይላል። በተጠራሁ ቁጥር ፊቴ ይቃጠላል። ገላን ኮንዶሚኒየም ቤት ሲደርሰኝ አንዱ ደስታዬ ከዚያ ሱቅ መራቄ ነበር።

ያቺን ስንቅ የያዘች ልጅ ባገኘሁ ቀን ግን ከቃሊቲ ገላን የሚሄደውን ታክሲ ያዝኩና አቃቂ ላይ ወረድኩ። ከድር ጢሙ ነጥቷል።

"ቀማሼ መጣች!"

"ጋሽ ከድር፣ ቀማሽህ እኔ አልነበርኩም" አልኩት። "አባባ ናቸው። አምስቱንም እሑድ።"

የያዘውን ስኳር ሚዛኑ ላይ ተወው።

"በጾም?"

"በጾም።"

"የኛን ሥጋ? አባባ ተሰማ?"

ራሴን ነቀነቅኩ። ዓይኑን በመዳፉ ጠረገና ወደ ጓዳ ተጣራ። "ሙባረክ! ና፣ ስማ። ድግሱ ያንተ ነበር።" ያኔ ስም የወጣለት ሕፃን፣ ዛሬ ከበሩ ጎንበስ ብሎ የሚገባ ጎልማሳ ነው። ከድር የአያቴን በርጩማ ከጥግ ስቦ አስቀመጠኝ።

"ለሱም ንገሪው" አለ። "ከመጀመሪያው።"

ለሁለተኛ ጊዜ ስናገር ከእንቁላሉ ጀመርኩ።