ሦስት ዓይነት ኪሎ

ከአገር የወጣሁት ሱብሂ ሰግጄ፣ ገና ሳይነጋጋ ነው። ባለቤቴ ዘይነባ እስከ መኪናው ሸኘችኝና «ሥራና ቤት እንደያዝክ ጥራኝ፤ በእርጅና ተለያይቶ መኖር አያምርም» አለችኝ። እሺ አልኳት። ከወሎ እስከ ቃሊቲ ግራና ቀኜ የተቀመጡትን ስጠረጥር እንቅልፍ ሳይወስደኝ ደረስኩ።

እዚህ የሚስማር መጋዘን በር ላይ ዘበኛ ሆንኩ። ያለ ዋስ ሥራ የለም፤ ሳሪስ አቦ ጨርቅ የሚሸጠው ያገራችን ልጅ ሰይድ ዋስ ሆነኝ። ሥራዬ የሚወጣውን ዕቃ ከወረቀቱ ጋር አይቶ መፈረም ነው። ፊደል እለያለሁ፣ በዝግታ። ከእኔ በፊት የነበረው ዘበኛ «20» ብቻ የተጻፈበት ወረቀት አይቶ፣ ሃያ ኪሎ የተፈቀደለትን ሰው ሃያ ካርቶን ጭኖ ሲወጣ አሳለፈውና ተባረረ።

መቼም በእኛ ገበያ እህል በቁና ሲሰፈር ሻጭም ገዢም ዓይኑን ከቁናው አይነቅልም። እዚህ የሚሰፍረው ወረቀት ነው። እሱም አንድ ቀን «ኪ.ግ.» ይላል፣ አንድ ቀን «ኬጂ»፣ አንድ ቀን «ኪ» ብቻ። በሦስት ስም የሚሄድ ሰው ብታገኙ ታምኑታላችሁ?

አንድ ማክሰኞ ወደ ኮዬ ፈጬ የሚሄድ መኪና «50 ኬጂ» የሚል ወረቀት ይዞ መጣ። አስቆምኩት። ጸሐፊዋ ወጣች።

«አባባ፣ ያው ኪሎ እኮ ነው።»

«ያው ከሆነማ አንዱን ያዥና ጻፊ፣ ልጄ።»

አስወርጄ አስመዘንኩ። ሃምሳ ኪሎ፣ ልክ። ሾፌሩ «እኔንም ይመዝኑኝ እንጂ» ብሎ ሳቀብኝ። ሥራ አስኪያጁ ግን አልሳቀም፤ ሰይድን አስጠራው።

ሰይድ ፊቱ ጠቁሮ መጣ። «ጋሼ፣ አሳፈሩኝ። ሁለተኛ መኪና ካስቆሙ ዋስነቴን አነሳለሁ።»

በማግስቱ «30 ኪ» የሚል መጣ። ኪሎ መሆኑን አውቃለሁ፤ ማወቄን ነው የማላምነው። ሳልፈርም መለስኩት። ጸሐፊዋ ወረቀቱ እስኪቀደድ ተጭና «ኪ.ግ.» ብላ ጻፈችልኝ። ፈረምኩ። እሷም ዓይኗን ከእኔ ሳትነቅል ወደ ሥራ አስኪያጁ ደወለች።

ከሰዓት ዘይነባ ደወለች። «ዕቃዬን ጠቅልያለሁ። ከጁምዓ በኋላ ልሳፈር?»

ክፍሉን ተከራይቻለሁ፤ ሥራው እስከ ጁምዓ መቆየቱን ግን አላህ ነው የሚያውቀው።

«ትንሽ ቆዪ» አልኳት።

«ሌላ አስገብተህ ነው እንዴ?»

«በዚህ ዕድሜዬ?»

«ዕድሜህንማ አውቀዋለሁ፤ ከተማህን ነው የማላውቀው» አለችና ስልኩን ዘጋችው።