ለማሽን የታጠረ አጥር

አክስቴ ሰው መናቅ ትችልበት ነበር። ሌላው ሰው ሲንቅ ፊቱን ያዞራል፤ እሷ ግን ፊት ለፊት ታይህና፣ ከእግር እስከ ራስህ ትለካህና፣ «እሺ የኔ ጌታ» ትልሃለች። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ የሠራኸው ሥራ ለራስህም አይጥምህም።

የምትሠራው በአንድ የስፖርት ክበብ ውስጥ ነበር። ክበቡ ሁለት መዋኛ ገንዳዎች ነበሩት፤ ትልቁ ቀዝቃዛ፣ ትንሿ ሞቃት። የትንሿን ገንዳ ውሃ የሚያሞቀው ከልብስ መለወጫው ጀርባ የቆመ፣ ቁም ሳጥን የሚያህል ግራጫ ማሽን ነው። አክስቴ የዚያ ማሽን ጠባቂ ነበረች። ወደ ክበቡ የገባችው በፎጣ አጣቢነት ሲሆን፣ የቀድሞው የማሽን ሠራተኛ ጡረታ ሊወጣ ሲል ነው ሦስት ዓመት ሙሉ ፎጣ እያሰጣች ሙያውን በዓይኗ እንደወሰደችው የታወቀው። ቴርሞሜትር በገመድ አስራ ውሃው ውስጥ ትጥላለች እንጂ አታምነውም። ክርኗን ነክራ «ሠላሳ ሦስት» ትላለች። ገመዱን ስበን ስናይ ሠላሳ ሦስት ነው።

«ይሄ ነገር እሳት የለበትም» ትለኝ ነበር ማሽኑን መታ መታ እያደረገች። «የውጭውን አየር ከኋላው ይስብና ሙቀቱን ለቅሞ ለውሃው ይሰጣል። የቀረውን ብርድ ደግሞ በፊቱ ይተፋዋል። ሌላ ጥበብ የለውም። ትንፋሽ ከነሳኸው ግን እንደ ሰው ይሞታል።»

የክበቡን አባላት ከቁም ነገር አትቆጥራቸውም ነበር። የእግራቸውን አውራ ጣት ነከር አድርገው «ዋይ፣ በረዶ!» ይላሉ። ማታ ዋኝተው ሲወጡ የገንዳውን ሽፋን አብሯት የሚስብ አንድ ሰው አይገኝም። «ሌሊቱን ሙሉ ሙቀቱን ለሰማይ ሲያበሉት ያድሩና ጠዋት ከእኔ ይፈልጉታል» ትላለች። «ሰማዩን አሙቄ የምጨርስ መስሏቸዋል እኮ።»

ከምትንቃቸው ሰዎች መሀል ያቆያት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ባሏ፣ እኔ አጎቴ የምለው፣ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። እናቴ ከሞተች በኋላ ያደግኩት በእነሱ ቤት ነው፤ ከመኪናው ጋቢና ሆኜ ዓለምን ያየሁትም በእሱ ጎን ተቀምጬ ነው። አንድ ቀን ስትሮክ መታውና ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለ። መሬት ላይ አንድ እርምጃ መራመድ አቃተው። የአካል ሕክምና ባለሙያዋ ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ እንዲሞክር መከረች፤ ውሃው ከሠላሳ በታች ከሆነ ግን ጡንቻው ስለሚታሰር እንዳይገባ አስጠነቀቀች። አክስቴም የቀድሞውን ሥራ አስኪያጅ ለመነችው። በዕረፍት ቀኗ ልትሠራለት፣ እሱም በየጠዋቱ ክበቡ ከመከፈቱ በፊት ለባሏ አንድ ሰዓት ሊፈቅድ ተስማሙ። ባሏ ውሃው እስከ ደረቱ ይዞት ከአንደኛው መሰላል ወደ ሁለተኛው ይሄዳል፤ እሷ ጫማዋን አውልቃ በገንዳው ዳር እኩል ትራመዳለች። በዓመቱ አሥራ ሁለት እርምጃ ደረሰ። አሥራ ሁለቱን ሲጨርስ እንደ መኪና ጥሩምባ «ጡ!» ይል ነበር።

ከዚያ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣ። ሠራተኛው ከረባት ብሎ ጠራው፤ ሌላ የሚጠራበት ነገር አልነበረውማ። በዚያን ጊዜ እኔ የክበቡ ጸሐፊ ሆኜ ተቀጥሬ ነበር። ዲግሪዬን ይዤ የምሠራው ሥራ ከረባት ያሰበውን ባማረ ቋንቋ መጻፍ ነው፤ ብዙ ስለማያስብ ሥራው አይከብድም።

«ያ ቆርቆሮ ገጽታችንን እያበላሸ ነው። ይጋረድ። ጻፍ!» አለኝ አንድ ቀን።

ጻፍኩ። «የማሽኑ ሁኔታ ለክቡራን አባላት ዕይታ የማይመች ሆኖ በመገኘቱ» የሚለው ሐረግ ደስ አሰኝቶኝ ሁለቴ አነበብኩት። ከሥሩም ፈረምኩ። አናጺዎች መጥተው ከሰው ቁመት የሚበልጥ የጣውላ አጥር በአራቱም በኩል አቆሙ። ከላይም ጣሪያ መቱለት፣ ነጭ ቀለም ቀቡት፣ አበባ ደረደሩለት። በሩ ተቆልፎ ቁልፉ የከረባት ኪስ ገባ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል። እኛ ባለቤቷን ንቀን አጥር ገነባን።

አክስቴ መጥታ ቆማ አየችው።

«ማነው ያዘዘው?»

«ሥራ አስኪያጁ።»

«የጻፈውስ?»

ብዕሬን ኪሴ ከተትኩ።

«እሺ የኔ ጌታ» አለችኝ። ያንን ቃል ለእኔ ስትል የመጀመሪያዋ ነበር።

ከረባትን ቢሮው ድረስ ሄዳ አነጋገረችው። «ራስዎን በብርድ ልብስ ሸፍነው ተኝተው ያውቃሉ? ትንሽ ቆይተው የሚስቡት የራስዎን ትንፋሽ ነው። ማሽኑም የተፋውን ብርድ መልሶ ሊስብ ነው። ውሃው ይቀዘቅዛል።»

«እትዬ፣ የጀመሩት ፎጣ ላይ ነበር አሉ?» አለና ወደ እኔ ጠቀሰ።

እኔም ሳቅኩ። ያንን ሳቄን ዛሬም ሰው በሌለበት ክፍል ውስጥ እሰማዋለሁ።

ወሩ የብርድ ወር ነበር። ውሃው ከሠላሳ ሦስት ወደ ሠላሳ አንድ፣ ከዚያ ወደ ሃያ ዘጠኝ ወረደ፤ ሳምንቱ ሳያልቅ ሃያ ስድስት ገባ። ባሏ ቤት ቀረ። ከረባት መፍትሔ አገኘሁ ብሎ የማሽኑን ቁጥር አርባ ላይ አስደረገው።

«ቶሎ እንዲሞቅ ነው» አለ።

«ጌታዬ፣ ቁጥሩ የት እንደሚቆም ይነግረዋል እንጂ አያስሮጠውም» አለችው። «ሰዓትዎን ወደፊት ቢያዞሩት ደመወዝ ይደርስልዎታል?»

በማግስቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንድጽፍላት ታዘዝኩ። ይህንንም ጻፍኩ። ቤቷ ድረስ ወስጄ ስሰጣት ባሏ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል፤ የታመመው እጁ ጭኑ ላይ የሌላ ሰው ዕቃ መስሎ ተቀምጧል።

«አንብብልን» አለችኝ። ማንበብ ትችላለች፤ የፈለገችው እሱ እንዲሰማ ነው።

«የተሰጠዎትን ኃላፊነት በግድየለሽነት በመያዝዎ የውሃው ሙቀት ሊቀንስ መቻሉን...» ብዬ እስከ ፊርማው አነበብኩ።

አጎቴ አንገቱን ነቀነቀ። «ቋንቋው ያምራል» አለ በግማሽ አፉ። ሲያሾፍ አልነበረም። ያሳደገው ልጅ እንዲህ ያለ ነገር መጻፍ መቻሉ ከልቡ ገርሞት ነበር። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በሩ ላይ ስትሸኘኝ፣ «ለምን አጥሩን ሰብረሽ አትጥይውም?» አልኳት፣ ለእሷ የቆምኩ መስዬ።

«እኔ ልስበር፣ አንተ የስንብት ደብዳቤዬን ጻፍ፣ ባሌ የጠዋት ሰዓቱን ይጣ? እንዲህ ነው የሚያስተምሩት እዚያ ዩኒቨርሲቲ? በል ሂድ፣ የተማረው!»

ከዚያ በኋላ አሥር ቀን ያህል ምንም አልሆነም። በአሥራ አንደኛው ቀን የአንድ ትልቅ አባል ባለቤት መጥታ አውራ ጣቷን ነከረች፤ ነከር አድርጋም ጮኸች። የአንድ ሰው ሙሉ ጎን ያላስነሳውን ከረባትን የዚያች ሴትዮ የእግር ጣት ከወንበሩ አስነሳው። ቁልፉን ይዞ ወረደ፤ እኔም ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ ተከተልኩ። አክስቴ አጥሩ ጋ ቆማ ትጠብቀናለች።

«ግቡ» አለች። «አስፈራሚውም ፈራሚውም፣ ሁለታችሁም ግቡ።»

ገባን። በሩን ከኋላችን ከውጭ ዘግታ ጀርባዋን ደገፍ አደረገችበት።

«ሴትዮ፣ ምን እያደረግሽ ነው?» አለ ከረባት።

«ምርመራ ነው። ለመመርመር አሥር ደቂቃ ይበቃል።»

እዚያ ውስጥ ያለው ብርድ ከውጭው ብርድ ጋር አይገናኝም። የማሽኑ ጀርባ በረዶ ጋግሮ ነጭ ሆኗል። ማራገቢያው ያጓራል፤ የተፋው ብርድ ጣውላውን መትቶ ይመለስና መልሶ ይስበዋል። የከረባት ከረባት በነፋሱ ተነስቶ ፊቱን ይጠፈጥፈው ጀመር። አንዴ ይይዘዋል፣ አንዴ ያመልጠዋል። እኔ ደብተሬን ደረቴ ላይ ለጥፌ ጥርሴን አንቀጫቅጫለሁ።

«ይሄ እኮ ፍሪጅ ነው!» ብሎ ከረባት ጮኸ።

«እሺ የኔ ጌታ» አለች ከውጭ። «ፍሪጁን ያሠራው ማነው?»

አሥሩ ደቂቃ ሲሞላ ከፈተችልን። ከረባት አፍንጫውን እየጠረገ፣ «አጥሩ እኮ ከመጀመሪያውም ጊዜያዊ ነው» አለ። ወዲያው ወደ እኔ ዞሮ «ጻፍ» አለኝ። «አስተዳደሩ ባደረገው ጥናት መሠረት» ብዬ ጀመርኩ፤ ጨረስኩ፤ ፈረምኩ። ማስጠንቀቂያው ይሰረዝ የሚል ግን ማንም አላለኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። በዚያው ቀን አናጺዎቹ አጥሩን ነቀሉት።

በረዶው ለመቅለጥ ግማሽ ቀን፣ ውሃው ለመመለስ ሦስት ቀን ፈጀ። በአራተኛው ቀን ጠዋት አክስቴ ክርኗን ነከረችና «ሠላሳ ሦስት» አለች። አጎቴን ደግፌ በመሰላሉ ያወረድኩት እኔ ነኝ። ሰውነቱ ሳያውቀኝ የቀረ ያህል ከብዶኝ ነበር። እሷ ጫማዋን አውልቃ ዳሩ ላይ ቆመች።

አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት።

አምስተኛው ላይ እግሩ አልነሳ አለ። የገንዳውን ዳር ብረት ይዞ ቆየ። እንደገና ሞከረ። ውሃው ደረቱ ላይ በቀስታ ይንቀሳቀሳል። ማዶ ያለውን መሰላል አየና፣ «ዛሬ መንገዱ ረዝሟል» አለ። ጥሩምባውን አልነፋም።

አክስቴ እሱን እያየች እኔን ጠየቀችኝ።

«ስንት ነበር?»

«አሥራ ሁለት።»

«ዛሬስ?»

«አራት።»

«እንግዲህ ስምንቱን ጻፍለት» አለች። «ቋንቋህ ያምራል።»

በሁለት ዓመት ውስጥ ሰባት ድረስ ደርሶ ነበር፤ ስምንተኛውን ሳናየው ሞተ። ከዚያች ጠዋት ጀምሮ ግን በየማታው ከቢሮ ስወጣ በገንዳው በኩል እያለፍኩ ሽፋኑን ከአንደኛው ጫፍ እይዝ ነበር። አመሰግናለሁ ብላኝ አታውቅም። ከማዶ ጫፍ ሆና፣ የገንዳው እንፋሎት በመካከላችን እየተነሳ፣

«ቀጥ አድርገህ ሳብ እንጂ፣ የተማረው!» ትለኛለች። «በዚያ በኩል ሰማይ እያሞቅክ ነው።»