የሽማግሌዎቹ ቀስቃሽ

ሴት ብትሆንም በምክር ቤቱ የሚጠሯት «አውራ ዶሮ» እያሉ ነው። ሥራዋ መቀስቀስ ነዋ።

የላይኛው ምክር ቤት ድሮ የተቋቋመው የታችኛው በችኮላ ያወጣውን ሕግ ረጋ ብሎ እንዲያይ ነበር። ለዚሁ ሽማግሌዎች ዕድሜ ልካቸውን ተሾሙበት። እነሱም ረጉ፤ ረግተው ረግተው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ድምፅ የሚሰጥበት ሰዓት ሲደርስ በወንበሮቹ መሀል እየዞረች ብርጭቆ በማንኪያ ትመታለች። ይነቃሉ፣ እጃቸውን ያወጣሉ፣ መልሰው ያንቀላፋሉ። ትከሻ መንካት ክልክል ነው። አንዴ አንዱን ብትነካቸው፣ «እማዬ፣ ዛሬ ትምህርት ቤት አልሄድም» ብለው አዳራሹን አስቀውታል።

አንድ ቀን ከታችኛው «የላይኛው ይፍረስ» የሚል ሕግ መጣ። በደንቡ ያልተቃወመ ሁሉ እንደ ደገፈ ይቆጠራል። ቤቱ ሲፈርስ አምባሳደርነት የተመኙት የላይኛው አፈ ጉባኤ ጠሯት።

«ዛሬ እንዳትቀሰቅሺ። በተኙበት ይለፍ።»

«ቤቱ ከፈረሰ እኔስ ማንን ልቀስቅስ ጋሼ?»

«ልጅሽን።»

«እሷማ መች ትነሳልኛለች!»

ልጅ የምታሳድገው በዚህችው ማንኪያ ነው፤ ሌላ የምታውቀው ሥራ የለም። ነቅተው ይቃወሙ ይሆናል ብላ፣ የመጣው ይምጣ፣ ብርጭቆዋን መታችው። ሽማግሌዎቹ ነቁ። ሁሉም እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ለድጋፍ አወጡ።

«ኧረ አባባ፣ የገዛ ቤታችሁን እኮ ነው ያፈረሳችሁት!» አለቻቸው ከፊቷ የተቀመጡትን አንጋፋ።

«እንዴ? ደግ አደረግን። ምሳ ደረሰ?»

በማግስቱ ሽርጧን ልትወስድ ብትመጣ የሕግ ክፍሏ ሴትዮ በር ላይ ያዘቻት።

«የት ትሄጃለሽ? ሕጉ እንዲጸና የላይኛው ምክር ቤት ሁለተኛ ጊዜ ድምፅ መስጠት አለበት። የፈረሰ ቤት ደግሞ አይሰበሰብም። ካልተሰበሰበ አልፈረሰም። ስብሰባ ሳይኖር የተኛ ደግሞ እንደ ደገፈ አይቆጠርም።»

«ታዲያ እኔ ምን ልሁን?»

«ግቢና ሥሪ። ብቻ አደራሽን እንዳትቀሰቅሻቸው! ከነቁ እጃቸውን ያወጣሉ፤ እጃቸውን ካወጡ አንቺም እኔም ደጅ ነን።»

ገባች። ሽማግሌዎቹ የነገራቸው ስለሌለ እንደ ወትሮው መጥተው ተኝተዋል። ጫማዋን አወለቀች፤ ማንኪያዋን በመሀረብ ጠቀለለችው። ሰዓቱ ሲደርስ ግን አንጋፋውን ልማድ ቀሰቀሳቸው፤ እጃቸውን አወጡ።

«አውራ ዶሮ! ዛሬስ ምነው ዘገየሽ?»

ፀሐይዋ በመስኮቱ አዳራሹን ሞልታዋለች። እጃቸውን ቀስ አድርጋ ይዛ ጭናቸው ላይ መለሰችላቸው።

«ይተኙ አባባ፤ ገና አልነጋም።»