የአንድ ሰዓት መንገድ

ከጅቡቲ አዲስ አበባ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ከምናምን ነው። በዚህ በጅቡቲ ሙቀት ምኒልክ አደባባይ ካለው ሥራዬ ካርቲየ 5 ሰፈር ወዳለው ቤቴ ገብቼ ላቤ እስኪደርቅ ብዙ ጊዜ ከዚያ በላይ ይፈጃል። ስለዚህ እናቴ አዲስ አበባ ከወንድሜ ጋር ስታረጅ ብዙም አልሰጋሁም። ምንም ቢመጣ እደርስላታለሁ እል ነበር።

አንድ ጠዋት ወንድሜ ደወለ። "እማዬን ትንሽ አሟታል። ዛሬውኑ በአውሮፕላን ነይ" አለኝ።

ይህ አነጋገር ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሐበሻ የለም። እኛ ሞትን በስልክ አንናገርም። ሩቅ ያለውን ሰው "ትንሽ አሟታል" ብለን እንጠራውና መርዶውን እቤት ሲደርስ፣ ዘመድ ከቦት እናረዳዋለን።

"አገናኘኝ" አልኩት።

"መናገር አትችልም።"

"እውነቱን ንገረኝ፤ ሞታለች?"

"ኧረ በሕይወት አለች፤ ዝም ብለሽ ነይ።"

ሞታም ቢሆን የሚለኝ ይህንኑ ነበር። ስልኩን ዘግቼ ጮህኩ።

ጎረቤቶቼ ተሰበሰቡ። ሻንጣዬን ሳወርድ በእድራችን የሚከበሩ አንድ እናት እጄን ያዙኝ። "ልጄ፣ ቀብሩ እንደሆነ ዛሬ ነው፤ አትደርሺበትም። ሐዘንሽን እዚሁ ከእኛ ጋር ተወጪ። እንዲህ ሆነሽ ብቻሽን አንለቅሽም" አሉኝ። አልተከራከርኳቸውም። እኔም ያመንኩት ያንኑ ነው።

ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ተነጠፈ። ሶማሌ ጎረቤቶቼ ሳይቀሩ ሻይ በቴርሞስ ይዘው መጡ። ሐዘንተኛ አይረበሽ ተብሎ ስልኬ ተወሰደ፤ ወንድሜ ሲደውል ሌላ ሰው ያነሳና "እየመጣች ነው" ይለዋል። እኔ አለቀስኩ፤ ድምፄ እስኪዘጋ፣ ፊቴ እስኪያብጥ አለቀስኩ። የአዲስ አበባው አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ ቀና ብዬም አላየሁትም። ለማን ብዬ ልቸኩል?

ሣልስቱ ካለፈ በኋላ ጥቁር ለብሼ ተሳፈርኩ። የሰጡኝን ሻይ ሳልጨርስ ደረስን።

ሰፈር ስገባ በራችን ላይ ድንኳን እየተከሉ ነበር። ከሞተ ሦስት ቀን ላለፈው ሰው ድንኳን ይነሳለታል እንጂ አይተከልለትም። በሩ ላይ ቆምኩ። ወንድሜ ወጣና ጥቁር ልብሴን አየ።

"ማን ነገረሽ?" አለኝ። "ያረፈችው እኮ ዛሬ ሊነጋ ሲል ነው።"

ሻንጣዬን መሬት አስቀመጥኩ።

"ትመጣለች ስላት ዓይኗን ከበሩ ላይ አልነቀለችም" አለኝ። "መኪና በቆመ ቁጥር እጄን ጠበቅ ታደርገው ነበር።"

ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ የለኝም። እንባዬም አልወጣም። አስከሬኑ ሲወጣ ሁሉም ሲጮህ እኔ ደርቄ ቆምኩ። ከኋላዬ ሁለት ሴቶች "ውጭ አገር ልብ ያደነድናል፤ ለእናቷ እንኳ አታለቅስም" ሲባባሉ ሰማሁ።

ምን ብዬ ልንገራቸው? አልቅሼላታለሁ። ያለቀስኩላት እሷ በሩን እያየች ሳለ ነው።