ሁለት የተላጩ ውሾች

እህቴ ውሻ አጣቢ ናት። ይህን ስናገር ሰው መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ "ውሻ ማጠብም ሥራ ሆኖ?" ይለኛል። አዎ፣ ሥራ ነው። ታጥባለች፣ ታበጥራለች፣ ጥፍር ትቆርጣለች፣ ጆሮ ትጠርጋለች። በሃያ ስድስት ዓመት ሥራዋ አንድም ውሻ ነክሷት አያውቅም። የነከሳት ሰው ነው። እኔ ታናሿ ልብስ ሰፊ ነኝ። የምንኖረው አንድ ቤት ስለሆነ የስፌት መኪናዬን ከእሷ ገንዳ የሚለየው አንድ መጋረጃ ብቻ ነው። የምነግራችሁን ሁሉ ወይ አይቼዋለሁ፣ ወይ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ሰምቼዋለሁ።

የነከሳት ሰው የእንስሳት ሐኪም ነው። ተምሯልና "ዶክተር" መባሉን አልነፍገውም፤ አንቱ እንድለው ግን አትጠብቁኝ። ክሊኒኩ ባለ መስታወት በር ሆኖ ዋናው መንገድ ላይ ነው። እህቴ ከኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል አሥራ አንድ ዓመት አጥባለታለች።

አንድ ቀን አንዲት የባንክ ሥራ አስኪያጅ ትልቅ ነጭ ውሻ ይዛ መጣች። ብርድ አገር ኖራ ስትመለስ አብራ ያመጣችው ነው፤ ከገባ ሁለት ወሩ ነበር። ፀጉሩ በእፍኝ በእፍኝ ይረግፋል፣ ሆዱ ቀልቷል፣ ራሱን ሲያክ ይውላል። ሴትዮዋ ደግሞ ጨንቋት በየቀኑ በሳሙና ታጥበዋለች። የከተማችን የቧንቧ ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚሠራ ውሃ ነው፤ ሳሙናው ከፀጉር ሥር ተለቅልቆ አይወጣም። አጠባው ራሱ ቆዳውን ያደርቀው ነበር።

እህቴ ውሻውን ዳበሰችው፣ ፀጉሩን በጣቷ ከፍላ ሥሩን አየችና ነገሩ ገባት።

"ዶክተር፣ ይሄ ውሻ ፀጉሩ ሁለት ዓይነት ነው። የታችኛው የብርድ ካፖርቱ ነው፤ አገሩ ስለሞቀበት እያወለቀው ነው። የላይኛው ከፀሐይ ይከልለዋል። ይበጠር እንጂ አይላጭ። አጠባውም ይቀነስለት" አለችው።

በደንበኛ ፊት በአጣቢ መመከር ከበደው።

"ሙቀት ነው። ሙልጭ አድርገሽ ላጪው።"

"ዶክተር፣ ከተላጨ እኮ..."

"እዚህ ቤት ሐኪሙ ማነው?"

ላጨችው። ጥፋቷ ይህች ብቻ ናት፣ ለዚህችም ራሷን ይቅር ብላ አታውቅም።

ወር ሳይሞላ የውሻው ጀርባ በፀሐይ ተቃጠለ፣ ቆዳው ተሰነጣጠቀ፣ የበቀለውም ፀጉር ብል የበላው ብርድ ልብስ መሰለ። ሴትዮዋ እየጮኸች መጣች። መጠበቂያው ክፍል በሰው ሞልቷል። ዶክተሩ ዓይኑን በጨው ታጥቦ "እኔ ትንሽ አሳጥሪው ነው ያልኳት። እሷ ናት እስከ ቆዳው ላጭታ የማይሆን ሳሙና የቀባችው" አለ። እህቴ ሽርጧን ፈታች፣ መንጠልጠያው ላይ ሰቀለችና ወጣች። እኔ ብሆን ገንዳውን እላዩ ላይ ነበር የምደፋበት።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የእህቴ ስም አንድ ሳምንትም አልዋለ። "ቆዳ ገፋፊዋ" አሏት። ውሻ የሚያስከትሉ ሰዎች እሷን ሲያዩ መንገድ ይሻገሩ ጀመር። ቤት ውስጥ ቁጭ ብላ መዳፏን ስታገላብጥ የማያት እኔ ብቻ ነበርኩ። ሌላ ሙያ እንዳትይዝ ሌላ ሙያ አታውቅም። ደግሞስ ለምን ትያዝ? እጇ ምን አጠፋ?

ቀስ በቀስ እዚሁ ቤታችን ማጠብ ጀመረች። በመጀመሪያ የዘበኞች ውሾች፣ ቀጥሎ ከውጭ አገር የሚገቡት መጡ። ከጣሪያው የሚወርደውን የዝናብ ውሃ በበርሜል ታጠራቅምና የመጨረሻውን ማለቅለቂያ በእሱ ታደርጋለች። "ወር ሙሉ ሳሙና እንዳታስነኩት፣ ቀትር ላይ ጥላ ይዋል፣ ምግቡን በአንዴ አትቀይሩበት፣ ቁንጫ ካለበት ወደ ሐኪም" ብላ ትሸኛለች። ውሾቹ ዳኑ፣ ወሬውም ተሰማ። ቅጽል ስሙ ግን አልለቀቃትም። "ቆዳ ገፋፊዋ ጋ ውሰደው፤ ስሟ ነው እንጂ እጇስ ጥሩ ነው" ይባባላሉ። ያቺ "ስሟ ነው እንጂ" የምትለዋ ነገር አንጀቷን ታሳርራት ነበር።

"እትዬ፣ በቃ ተዪው። ለእግዜር ስጪው" አልኳት አንድ ቀን።

"ለእግዜር ከሰጠሁት እግዜር ይቅር ይለዋል" አለችኝ።

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት መሆኑን ስለምታውቅ ጸሎቱን ትታ ቂሙን ያዘች። ሰባት ዓመት ያዘችው።

ባለፈው ዓመት አንዲት ወጣት ሴት ውሻ አቅፋ ገባች። የውሻዋ ጀርባ ቦታ ቦታው ተራቁቷል፣ ቆዳዋ ቀይ ሆኖ ተልጧል።

"ትምህርቴን ጨርሼ ከውጭ ይዣት ከመጣሁ አራት ወር ሆነኝ። ከተላጨች ወዲህ ባሰባት።"

"ማን አስላጫት?"

"አባቴ። ሐኪም ነው እኮ፣ ሙቀት ነው ብሎ። እዚህ ካልዳነች ይዣት ወደመጣሁበት እመለሳለሁ ብዬዋለሁ። አንድ ልጁ ነኝ፣ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለውም።"

እግሬ የስፌት መኪናው መርገጫ ላይ ቀረ። በመጋረጃው ቀዳዳ ሳይ እህቴ የልጅቷን የተጋጠሙ ቅንድቦች እያየች ነው። እነዚያን ቅንድቦች እኔም አውቃቸዋለሁ።

"ክሊኒኩ ባለ መስታወት በር ነው?"

"አዎ! ያውቁታል እንዴ?"

"አሥራ አንድ ዓመት" አለች እህቴ። ውሻዋን ተቀብላ ገንዳው ውስጥ አስገባቻት። "ውሻሽ ትድናለች ልጄ። የዛሬውን አጥብልሻለሁ፤ እሷ ምን አጠፋች። ከእንግዲህ ግን የሚያመጣት አባትሽ ነው። በየቅዳሜው ጠዋት እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ከሰው ጋር ተራውን ይጠብቃል፣ እኔ ያለ ሳሙና ሳለቀልቃት እሱ ይይዛታል። ምን ነካት ብሎ የጠየቀ ሰው ካለ መልሱን እሱ ይመልሳል። እውነቱን።"

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እሱ ረስቶ ይሆናል ብዬ ነበር፤ በመጀመሪያው ቅዳሜ ጥቁር መነጽር አድርጎ ሲገባ ግን እንዳልረሳ አየሁ።

"እንደምን አደሩ ዶክተር። ተራዎን ይጠብቁ" አለችው። አንቱታዋ ከስድብ ይከፋ ነበር።

ቅዳሜ አግዳሚው ይሞላል። ተራው ደርሶ ውሻዋን ገንዳው ላይ ሲይዝ አንድ ሹፌር "ውይ! ይቺን ምስኪን ምን ነካት?" አለ።

"የአገር ለውጥ ነው" አለ ዶክተሩ።

እህቴ ውሃውን ዘጋች። እጇን ሽርጧ ላይ ጠርጋ ቆመች። ውሻዋ ትንቀጠቀጣለች፣ እጅጌው ይንጠባጠባል፣ ሰው ሁሉ ያያል።

"ተላጭታ ነው" አለ።

ውሃው አልተከፈተም።

"እኔ ነኝ ያስላጨኋት።"

ከፈተችው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

እንዲህ እያለ ቅዳሜ ቅዳሜን ወለደ። ከሹፌሩ ቀጥሎ አንዲት መምህር ጠየቀችው፣ ቀጥሎ አንድ ጡረተኛ፣ ቀጥሎ ሁለት እህትማማቾች። የባንክ ሥራ አስኪያጇን ግን የጠራኋት እኔ ነኝ። እህቴ አላዘዘችኝም፣ አልከለከለችኝምም። ሴትዮዋ ስትገባ ዶክተሩ እስከ ክርኑ ድረስ ውሃ ውስጥ ነበር። ማንም ሳይጠይቀው ተናገረ።

"የእርስዎንም ውሻ ያስላጨሁት እኔ ነኝ። እሷ አይላጭ ብላኝ ነበር።"

ሴትዮዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"ሰባት ዓመት ሙሉ... እኔ እኮ ነኝ ያንን ስም ያወጣሁልሽ..."

"ከገንዳው ራቅ ይበሉ፣ ልብስዎ ይረጥባል" አለቻት እህቴ። እኔም ለሴትዮዋ ወንበር አላቀረብኩም።

በአራተኛው ወር የውሻዋ ፀጉር ሞላ። ከታች እንደ ጥጥ፣ ከላይ ሻካራና የሚያብረቀርቅ ሆነ። ሹፌሩም፣ መምህሯም፣ ሌላውም ሰው እህቴን እናቷ ባወጣችላት ስም ይጠሯት ጀመር። ልጅቷ ደስ ብሏት በአዘቦት ቀን እየሮጠች መጣች።

"እትዬ፣ ዳነችልኝ እኮ! አባቴ ከእንግዲህ መምጣቱ ይቅር አይደል? ጉልበቱን ያመዋል፣ ሰውም አላስቀምጥ አለው... መንገድ ላይ ሳይቀር ያስላጨው ሰውዬ ይሉታል።"

እህቴ ውሻዋን ጠረጴዛው ላይ አቁማ ከአንገቷ እስከ ጭራዋ ፀጉሯን እየከፈለች አየች። አንድም የቀላ ቦታ አላገኘችም። ጆሮዋን አሻሽታ ወደ ልጅቷ መለሰቻት።

"ውሻሽስ ድናለች፣ እሰይ። እኔ ግን ገና ነኝ። ቅዳሜ ይምጣ።"

ልጅቷ እንዳግዛት ወደ እኔ ዞረች። መጋረጃውን ሳብ አደረግሁና ስፌቴን ቀጠልኩ።