ስም ያልተጠራበት ጡሩምባ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ በሻደይ ሰሞን፣ እዚሁ ሰቆጣ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ የእድር ጡሩምባ በሰማሁ ቁጥር የሟቹ ስም እስኪጠራ ድረስ ትንፋሼን ይዤ እቆማለሁ። ልጅ ያለው ሰው ቢያነበው አይጎዳም ብዬ ጻፍኩት።

ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ቀሪውን የተማርኩት ከተበላሸ ራዲዮና ከቆመ ወፍጮ ነው። አሁን የምተዳደረው ሶላር በመትከልና በመጠገን ነው። በቤቴ ነገር የምናገረው አንድ ጊዜ ነው። ልጆቼ ይህን ያውቃሉ፤ ይፈሩኛልም። ፍርሃት ጥሩ አጥር ነው ብዬ አምን ነበር።

ትልቋ ልጄ ዝናሽ ዐረብ አገር ሠርታ ስትመለስ እንደ ጓደኞቿ ሱቅ አልከፈተችም። ለድንጋያማ መንገድ የተሠራች፣ ጎማዋ ወፍራም፣ ቁመቷ አጭር የሆነች የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል ገዛች። በእኛ ከተማ ቤንዚን አንዳንዴ ይገኛል፣ አንዳንዴ ወሬው ብቻ ይገኛል። እሷ ግን ጣሪያችን ላይ ካለው ሶላር እየሞላች፣ የምትሸጠውን የስልክ ባትሪና ቻርጀር በጀርባዋ አዝላ፣ በገበያ ቀን ወደ ጋዝጊብላ ትሄዳለች።

ችግሩ አቀበቱ ነበር። የቤንዚን ሞተር ያላቸው፣ እንደ እሷው የሚነግዱ ጎረምሶች አቧራቸውን እያለበሷት ያልፋሉ።

"ዝናሽ፣ ወርደሽ ግፊያት እንጂ! አህያም እኮ ይታዘንላታል!" ይሏታል።

እሷም እዚያው ትስቃለች፤ ቤት ስትገባ ግን አትስቅም። ስትደርስ ገዢው ከእነሱ ገዝቶ ጨርሷል።

"አባባ፣ አንድ ባትሪ እንጨምርላት" አለችኝ አንድ ቀን። "አራት አላት። አምስት ብናደርገው ትፈጥናለች። ቪዲዮ ላይ አይቻለሁ።"

"ቪዲዮ ላይ የወደቀውን አያሳዩሽም።"

"አይተውት ነው?"

"ማየት አያስፈልገኝም። ፍጥነት የሚያስፈልገው ለሐኪምና ለሌባ ነው።"

"እኔ ሐኪምም ሌባም አይደለሁም። ነጋዴ ነኝ። ገበያ ከተበተነ በኋላ የሚደርስ ነጋዴ ምን ይባላል?"

እውነት ሲነገረኝ እምቢ ማለት አልወድም። ስለዚህ ተስማማሁ፤ ግን ሥራውን እኔ ራሴ እንድሠራው፣ ሲሞከርም እኔ ከኋላዋ እንድቀመጥ አልኩ።

የሞተሩን መቆጣጠሪያ ሳጥን ፈትቼ ጽሑፉን አነበብኩ። የአምስት ባትሪ ኃይል ይችላል። ለሶላር ያስቀመጥኩትን ደህና ባትሪ ከመቀመጫው ኋላ በጎማ ላስቲክ አሰርኩ፤ ከአራቱ ጋር በተርታ አገናኘሁ። ኋለኛውን ጎማ ከመሬት አንስተን እጀታውን ስትጠመዝዘው ድምፁ እንደ ንብ ሆነ። ዝናሽ በደስታ እልል አለች። እኔም ፊቴን አልፈታሁም እንጂ ሆዴ ደስ ብሎት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ከከተማው በላይ ወዳለው ሜዳ ለሙከራ ወጣን። የሻደይ ቀን ነበር። ልጃገረዶቹ ለምለሙን ቄጤማ ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከበሯቸውን ይዘው በየሰፈሩ መሰባሰብ ጀምረዋል።

አቀበቱ ላይ አንድ ሽማግሌ ከፊታችን ይሄዳሉ። ብብታቸው ሥር ጡሩምባ አለ። በዓይን አውቃቸዋለሁ እንጂ ተነጋግረን አናውቅም። አያ ወልዱ ይባላሉ፤ የላይኛው ሰፈር እድር ጠሪ ናቸው። አጠገባቸው ስንደርስ ደንግጠው ወደ ዳር ዘለሉ።

"በስመ አብ! ይቺ ደግሞ ምንድን ናት? ኮቴ የላት፣ ጩኸት የላት!"

"ኤሌክትሪክ ናት፣ አያ" አለች ዝናሽ ቆማ።

"ሞት እንኳ በእኔ ጡሩምባ ነው የሚታወቀው። ይቺ ግን ሳትታወቅ ልትወስደኝ ነበር።"

"ክላክስ አላት" አልኳቸው ኮስተር ብዬ።

"ታዲያ ምነው አልሰማሁት?"

"ሲያስፈልግ ይሰሙታል" አልኩና እንድትሄድ ትከሻዋን ነካሁ። ክላክሱን ግን አላስነፋኋትም።

ሜዳው ላይ ዝናሽ ለቀቀቻት። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ አላየሁም። ነፋሱ ዓይኔን አስለቀሰው፤ ጋቢዬ ከኋላዬ ተንሳፈፈ። ደጋግማ ዞረች። "አባባ፣ እንዴት ናት?" ብላ ስትጮህ "አትቸኩይ!" አልኳት እንጂ ልቤስ ድገሚው እያለ ነበር።

ከዚያ መውረድ ጀመርን። እኔ በወጣትነቴ የጭነት መኪና ረዳት ነበርኩ። በእኛ መንገድ ነዳጅ ውድ ስለሆነ ሾፌሮቹ ቁልቁለት ሲያገኙ ሞተር አጥፍተው በፎሌ ይለቁታል። ቁልቁለት የእግዜር ነዳጅ ነው ይሉ ነበር። እኔም ይህንኑ ይዤ ነው ያረጀሁት።

"ቁልፉን አጥፊና በፎሌ ውረጂ። ባትሪ ቆጥቢ" አልኳት።

"አባባ፣ ይቺ እኮ ስትበራ ነው ጎማዋን የምትይዘው። ከጠፋች ዝም ብላ ነው የምትንከባለል።"

"ፍሬን የለሽም?"

ቁልፉን አጠፋችው።

መጀመሪያ ጥሩ ነበር። ከዚያ ክብደታችን ገፋን። ሁለት ሰውና አምስት ባትሪ፣ ከሥር ልቅ ጠጠር። የፍሬን ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። "ያዢው!" አልኩ። "ይዣለሁ!" አለች። ወዲያው ከእግሬ በታች የሆነ ነገር ጧ ብሎ ተበጠሰ፤ የኋላው ፍሬን ሽቦ ነበር።

"የፊቱን ያዢ!"

"ጠጠር ላይ አጥብቄ ብይዘው ትገለብጠናለች!"

እጥፋቱን ስንዞር ከተማው ታየ፤ የከበሮውም ድምፅ መጣ። ከታች መንገዱን የሞሉ ልጃገረዶች ጀርባቸውን ሰጥተውን እየጨፈሩ ይወርዳሉ። በግራ ገደል ነው። በቀኝ የግቢዎቹ የድንጋይ ካብ ነው። መሐሉ በሙሉ የሰው ልጅ ነው።

"ክላክስ!" ብዬ ጮህኩ።

"ቁልፉ ጠፍቷል!"

አንድም እጇን ከመሪው ማንሳት አትችልም። በብብቷ ሥር እጄን ሰድጄ ቁልፉን በዳበሳ ፈለግሁ። የያዝኩት መሰለኝ፤ አመለጠኝ። እንደገና ያዝኩትና አዞርኩት። ሞተሩ አጉረመረመ፣ ጎማውን ያዘ፣ ፊቴ ከጀርባዋ ጋር ተላተመ። ትንሽ ቀነስን። ግን ትንሽ ብቻ።

ዝናሽ ክላክሱን ተጫነችው። ዝም። ደግማ ተጫነችው። ዝም።

ምክንያቱን ያወቅሁት በኋላ ነው። መብራቱና ክላክሱ ኃይል የሚያገኙት ከሌላ ትንሽ ሳጥን ነው። የዋናውን ጽሑፍ አነበብኩ እንጂ የዚያችን አላነበብኩም። አምስተኛው ባትሪ አቃጥሏታል። ፍጥነት ስንጨምርላት ድምጿን ወስደንባታል።

በአፋችን ጮህን። "ዞር በሉ! ልጆች! ዞር በሉ!" ከበሮውና ጭብጨባው ዋጠው። የሞተሯ ድምፅ ደግሞ ሩቅ አይሰማም። ከሁሉም ኋላ አንዲት ሕፃን አለች፤ ቄጤማው ከቁመቷ በልጦ መሬት ይጠርጋል፤ የእህቷን እጅ ይዛ ትዘልላለች። ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን የማያት እሷን ነው።

"አባባ" አለች ዝናሽ። ድምጿ ተረጋግቶ ነበር፤ ያስፈራኝም እሱ ነው። "ወደ ካቡ ላስገባት?"

ወደ ካቡ ማለት የሁለታችንም ሞት ማለት ነው። አፌን ከፈትኩ። አዎ ልላት ነበር። ልጄን፣ በገዛ አፌ።

ያኔ ጡሩምባ ተነፋ።

በእኛ ዘንድ የእድር ጡሩምባ ከተሰማ ከበሮ ይቆማል። ሠርግም ይሁን በዓል፣ የሟቹ ስም እስኪጠራ ሁሉም ዝም ብሎ ያዳምጣል። ማን እንደሞተ ሳያውቅ የሚዘፍን የለም። አያ ወልዱ እኛ ሜዳው ላይ ስንዞር በእግር አቋራጩ ወርደው ከእጥፋቱ በላይ ካለው ጉብታ ደርሰው ነበር። አፋችንን ከፍተን ያለ ድምፅ ስንወርድ አይተውናል።

ከበሮው ተቋረጠ። ልጃገረዶቹ በሙሉ ጡሩምባው ወደተሰማበት፣ ማለትም ወደ እኛ ዞሩ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ጩኸታችን ተሰማ። ግማሾቹ ወደ ካቡ፣ ግማሾቹ ወደ ገደሉ አፍ ተሰነጠቁ። እህትየው ሕፃኗን በአንድ እጇ መንጭቃ አነሳቻት። በመሐላቸው አለፍን። የአንዷ ቄጤማ ጉልበቴን ሲጠርገው ተሰምቶኛል።

ከታች ለግንባታ የተቆለለ አሸዋ ነበር። ዝናሽ ቀጥ አድርጋ እዚያ ውስጥ አስገባቻት።

የእጄ አንጓ ተሰበረ፤ የእሷ አገጭ ተሰነጠቀ። "የእግዚአብሔር ያለህ፣ ተረፍን" ብዬ ሳልጨርስ ግን ሌላ ነገር ተጀመረ። በየቤቱ ያለ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ወደ መንገድ ወጣ። "ማን ነው? ማን ሞተ?" አንዲት እናት መሬት ላይ ዘፍ አሉ። ልጃቸው ዐረብ አገር ነው።

"የእኔ ነው፣ አይደል? ስሙን ጥሩት። የእኔ ነው አይደል?"

አያ ወልዱ እያለከለኩ ደርሰው አጠገባቸው ተንበረከኩ። "የማንም አይደለም፣ እናቴ። የማንም።" ሴትየዋ ግን አላመኑም።

ከበሮ የያዘችው ልጅ በቁጣ መጣችብኝ። "እርስዎ ደግሞ በዚህ ዕድሜዎ ታዝለው! እኛ ሻደይ ልንጨፍር እንጂ ለቅሶ ልንወርድ አልወጣንም!" አለችኝ። እውነቷን ነው። አንገቴን ደፋሁ።

አመሻሹ ላይ የላይኛው ሰፈር እድር በዚሁ ጉዳይ መቀመጡን ሰማሁ። እጄን አሳስሬ ሄድኩ። አያ ወልዱ ጡሩምባቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው መሐል ላይ ቆመዋል።

"ያለ ሞት የነፋ ጡሩምባውን ያስረክባል። ደንባችን ነው" አሉ ሊቀመንበሩ። "በበዓል ቀን፣ ያለ ስም! ሴትየዋ ይኸው እህል አልቀመሱም።"

"ጡሩምባው የተሰጠኝ ሰው ሲሞት ሰው እንዲሰማ ነው" አሉ አያ ወልዱ። "ሊሞት ሲል እንዳይሰማ የሚል ደንብ ካለ ንገሩኝና ላስረክብ።"

እኔ ተነስቼ የሆነውን ሁሉ ተናገርኩ፤ ባትሪውን፣ ፎሌውን፣ ያልሞከርኩትን ክላክስ። ከኋላ አንድ ሰው "የአባት ነገር!" ሲል ሳቅ ተሰማ። ይሳቁ፤ የመጣሁት ለመከበር አልነበረም።

ሽማግሌዎቹ ብዙ ተከራከሩ፤ አንዳንዴ በአማርኛ፣ አንዳንዴ በኽምጣንጋ። በመጨረሻ ጡሩምባው ከእሳቸው ጋር ይቆይ ተባለ። ነገር ግን ስም ያልተጠራበት ጡሩምባ ከተማ ላይ ተንጠልጥሎ መቅረት የለበትም፤ ሁሉም ተራውን ሲጠብቅ ይከርማል። ስለዚህ የነፉት እሳቸው ጎህ ሲቀድ ወጥተው ራሳቸው ይዝጉት ተባለ።

በዚያች ሌሊት እንቅልፍ የያዘው ሰው የለም። ሲነጋጋ ጡሩምባው ተሰማ። ቀጥሎ የአያ ወልዱ ድምፅ በሰፈራችን አለፈ።

"የትናንቱ ጡሩምባ ስም የለውም! ስም የለውም! ልጆቻችሁን ቁጠሩ፤ ሁሉም አሉ!"

ተነስቼ ወደ ልጆቼ መኝታ ሄድኩ። አገጯን በፋሻ ያሰረችው ዝናሽ ነቅታ ነበር። "ሰሙ፣ አባባ?" አለችኝ። ሰማሁ አልኳት። እንደተባልኩትም ልጆቼን ቆጠርኳቸው።

አምስተኛው ባትሪ አሁንም አለ። አላነሳሁትም፤ ልጄ ነጋዴ ናት፣ ገበያዋም በሰዓቱ ነው። ፍሬኑ ግን በሌላ ተተክቷል፤ ለክላክሱም አምስት ባትሪ የሚችል ሳጥን ገዝታለታለች። ቁልቁለት ላይ ቁልፍ አይጠፋም። ይህንን ያለችው እሷ ናት፤ የተናገረችውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እኔም ታዝዣለሁ። ለሌሎች ወላጆች የምለው ይህን ነው፦ ልጃችሁ መፍጠን ከፈለገ ከመከልከላችሁም ከመፍቀዳችሁም በፊት፣ መምጣቱን ሌላው ሰው የሚሰማበት ነገር እንዳለው እዩ።

በገበያ ቀን ንጋት ላይ ስትወጣ በሩ ላይ ቆሜ "አሰሚኝ" እላታለሁ። ሳታሰማኝ በሩን አልከፍትላትም። ጎረቤቴ ከካቡ ወዲያ ሆኖ "ኧረ ጋሼ፣ አስተኙን!" ይላል።

ይንቃ። በክላክስ መንቃት በጡሩምባ ከመንቃት ይሻላል።