የእማማ ናምቦያ ጠርሙስ

ኤስናት ንኮሎኮሳ የሰው ዕቃ ሰብራ አታውቅም። እናቷ ከጎረቤት የተዋሰችውን ድስት ሳትመልስ እህል የማትቀምስ ሴት ነበረች፤ ልጇንም በዚሁ አሳደገቻት። ታዲያ ሃምሳ አራት ዓመት ሲሞላት ጉድ ሊያፈላባት የነበረው ይኸው ጨዋነቷ ነው።

ሥራዋ ብላንታየር ከተማ ውስጥ፣ በአንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ነው። ከታማሚ የተቆረጠ ሥጋ ይመጣላታል። ሰም ውስጥ ትቀብረዋለች፣ ከሽንኩርት ገለፈት አሳስታ ትቆርጠዋለች፣ ቀለም አስነክታ መስታወት ላይ ትዘረጋዋለች። የቀረው የዶክተር ቺሳሌ ፋንታ ነው፤ በማይክሮስኮፕ አይቶ «ካንሰር ነው» ወይም «አይደለም» ይላል። እዚህ ቤት የገባችው ወለል ጠራጊ ሆና ነበር። የድሮው ቆራጭ ዓይኑ ሲደክም ምላጩን ለእሷ አስረከበ፤ ይኸው ሠላሳ አንድ ዓመቷ። ታማሚ ሲድን የሚያመሰግነው ሐኪሙን ነው፤ እሷን ማንም አያውቃትም። ግድ የለኝም ትላለች። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ግድ አላት። ቢሆንም ምሳዋን ንሲማ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎ በደረቅ ዓሣ በልታ፣ የቤተክርስቲያን መዝሙሯን እያንጎራጎረች ወደ ምላጯ ስትመለስ ደስተኛ ሴት ናት።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አንዲት አሮጊት በሩን አንኳኩ። እማማ ናምቦያ ይባላሉ፤ የመጡት ከሙላንጄ፣ ከሻይ እርሻው አገር ነው። ከኋላቸው ልጃቸው ታማንዳኒ ቆማለች። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ካገባች ሁለት ዓመት ሆኗታል፣ ገና አልወለደችም።

«ልጄ፣ ጠርሙሴን ልውሰድ ብዬ ነው» አሉ እማማ ናምቦያ።

«የምን ጠርሙስ፣ እማማ?»

«የልጄን እጢ ያመጣሁበት ነዋ! ጤና ጣቢያው ዕቃ አልቆብናል፣ ከቤት አምጡ አለን። እኔም የበርበሬ ስልስ ጠርሙሴን አጥቤ ሰጠሁ። ላምባ የምይዝበት ሌላ የለኝም። ወረቀት ሁሉ አስለጥፌበት ነበር እኮ!»

«እማዬ!» አለች ታማንዳኒ። «ሐሙስ ማህፀኔን ሊያወጡት ነው፤ አንቺ ስለ ጠርሙስ ታወሪያለሽ?»

«ስለዚያኛው ካወራሁ አለቅሳለሁ። ስለ ጠርሙሱ ላውራ፣ ተዪኝ።»

ኤስናት ክው አለች። ጠርሙሱ ትዝ አላት። ከሦስት ሳምንት በፊት ሲመጣ፣ ከታማንዳኒ የማህፀን በር ላይ የወጣው እጢ ውስጡ ነበር። ሲገባ ለስላሳ ስለነበር ተጨምቆ አለፈ፤ ሥጋ እንዳይበሰብስ የሚያደርገው ፎርማሊን ውስጥ ሲከርም ግን ደረቀና በጠባቡ አንገት አልወጣ አለ። እንዲህ ሲሆን ጠርሙሱ ይሰበራል፣ ደንቡ ነው። ግን ወረቀቱ ላይ «እባካችሁ ጠርሙሱን መልሱልን» ተብሎ ተጽፏል። ኤስናት የእናቷ ድስት ታወሳት። በወረንጦ ባቄላ የምታህል ብጣሽ አወጣች፤ ካንሰር ከሆነ በዚህም ይታያል ብላ። የቀረውን ሌላ ቀን በዘዴ አወጣዋለሁ ብላ መደርደሪያው ላይ አኖረችው፤ ረሳችውም። ዶክተር ቺሳሌ ያየው ያቺኑ ባቄላ ነው። ክር የመሰሉ ሕዋሶች ተጨናንቀው ቢያገኝ ክፉ ካንሰር ነው ብሎ ሠጋ፤ ማህፀኗ ይውጣ የተባለውም በዚያ ነው። ሌላ ሥጋ መቅረቱን ማን ነግሮት? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእሷ ሆነ።

ሁለቱን ሴቶች አስቀምጣ ወደ ዶክተሩ ክፍል ሮጠች።

«ዶክተር፣ አጥፍቻለሁ።»

«ምነው እትዬ ኤስናት፣ ዛሬም ሻይዬን ጠጡብኝ?»

«እሱ በሆነልኝ!» አለችና ሁሉንም ነገረችው። ዶክተሩ መነጽሩን አወለቀ። በዕድሜ ልጇ ቢሆንም ፈራችው።

«ልጅቷ ሐሙስ ጠዋት እኮ ናት!» አለ።

«ለዚህ ነው አሁን የመጣሁት።»

«ታዲያ ምን ይገትርዎታል? ይስበሩት እንጂ!»

ጠርሙሱን በፎጣ ጠቅልላ በመዶሻ አንድ ጊዜ መታችው። የርግብ እንቁላል የሚያህል እጢ ወጣ። ወረንጦዋ ከቦጨቀው ቦታ በቀር ዙሪያው ልሙጥ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ከፋፍላ ለሰሙ አዘጋጀችው። ረቡዕ ጠዋት ስትቆርጥ፣ በሠላሳ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ መዝሙሩ አልወጣ አላት። ልጅቷ ገና የምትወልዳቸው ልጆች ሁሉ ትከሻዋ ላይ የተቀመጡ መሰላት።

ዶክተሩ አሥራ ሁለቱን መስታወቶች አንድ በአንድ አየ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ደግሞ አየ። የመስታወቶቹን ፎቶ ለድሮ መምህሩ ልኮ ምላሹን ጠበቀ። ከዚያ ወንበሩን ለቀቀላት።

«ይመልከቱ፣ እትዬ። ክር የመሰሉት መሀል፣ እዚህም እዚያም ጎጆ ሠርተው የተቀመጡት ሌላ ዓይነት ናቸው። ሁለት ዓይነት ሕዋስ ባንድ ቤት! ድብልቅ እጢ ነው። ማህፀን በር ላይ እንዲህ ያለው እምብዛም አይገኝም፤ እኔም በመጽሐፍ እንጂ በዓይኔ አላየሁም። ሁሉም የተረጋጉ ናቸው፣ ዳሩም ንጹሕ ነው፣ የትም አልዘለቀም። መምህሬም የሚለው ይህንኑ ነው። ክፉ አይደለም።»

«ባቄላዋስ?»

«ባቄላዋማ ክሩን ብቻ ነው ያሳየችኝ። ጎጆዎቹ ጠርሙስ ውስጥ ቀርተው!»

«ማህፀኗስ?»

«ማን ይነካዋል! እጢው እንዳለ ወጥቷል። እየተመላለሰች ትታይ፣ በቃ።» ከዚያ ኮስተር አለ። «ለሴቶቹ የሚነግሩት ግን እርስዎ ነዎት። ጥፋቱንም፣ ደስታውንም።»

ሐሙስን እዚያው ሆስፒታሉ ውስጥ ሲጠብቁ የነበሩትን ሴቶች ጠርታ ነገረቻቸው። መጀመሪያ ጥፋቷን፣ ቀጥሎ ውጤቱን። ታማንዳኒ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። መጀመሪያ የሳቀች መሰላቸው፤ ከዚያ እያለቀሰች እንደሆነ ታወቀ። ኤስናት አጎንብሳ ይቅርታ ስትጠይቅ ልጅቷ አንገቷ ላይ ተጠመጠመችና አልለቅም አለች። እማማ ናምቦያ ግን እንደቆሙ ናቸው።

«ጠርሙሴስ?» አሉ።

«ሰበርኩት፣ እማማ።»

አሮጊቷ ልጃቸውን ቁልቁል አዩ። የለበሱትን ጨርቅ ጫፍ አንስተው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ይሰበር። ሺህ ጊዜ ይሰበር!» አሉ። አፍንጫቸውንም ጠረጉና፣ «ክዳኑስ?» አሉ።

ኤስናት እጇን ጋዋኗ ኪስ ውስጥ ከተተች። ጠዋት ደጋግማ አጥባ ያደረቀችውን ክዳን አውጥታ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው።